በእንቁላሉ ጊዜ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1984 አመሻሽ ላይ ከኤደንብራ ወደ ግላስጎ የሚገሰግስ ባቡር ፖልሞንት በምትባል የስኮትላንድ ከተማ አቅራቢያ አንዲት ላም ገጨ። ላሟ ከግጦሽ መስኳ የወጣችው በተበላሸ አጥር ሾልካ ነበር። ባቡሩ በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ሎኮሞቲቩ ከኋላ ሆኖ ይገፋል እንጂ ከፊት አይጎትትም፤ ከፊት ያለው ነጂው የተቀመጠበት ቀለል ያለ ፉርጎ ነው። የላሟ አካል ከመንኮራኩሩ ሥር ሲገባ ያ ቀላል ፉርጎ ከሐዲዱ ወጣ፤ የቀሩትም ተከትለውት ወጡ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ 61 ሰዎች ቆሰሉ።

ከዚያ ምሽት በፊት ስለዚያ አጥር የጠየቀ ሰው ቢኖር ምን መልስ ያገኝ ነበር? የተበላሸ አጥር የትም አለ። ላምም ክፍተት ባየች ቁጥር ትሾልካለች። ሁለቱም የገጠር ኑሮ የዘወትር ነገሮች ናቸው፤ ማንም ሰው በእነሱ ምክንያት እንቅልፍ አያጣም። ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ክስተት ትንሽ የሚባለው በራሱ ትንሽ ስለሆነ ነው? ወይስ መጨረሻውን ገና ስላላየነው? የባቡር ሥራ ባለሙያዎች ጥቃቅን ክስተቶችን ሰብስቦ የሚያስከትሉትን አደጋ መመዘን የሚሉት ሥራ ከላይ ሲታይ የቅጽና የሰንጠረዥ ጉዳይ ይመስላል። ሥሩ ግን ይህ ጥያቄ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ከልጅነቱ የሚያውቀው ተረት አለው። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል፤ እናት ዝም ትላለች። እንቁላሉ ዶሮ፣ ዶሮው በግ ይሆናል። በመጨረሻ በሬ ሲሰርቅ ይያዝና ለፍርድ ሲቀርብ ወደ እናቱ ዞሮ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ይላል። ተረቱ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ምልከታ ነው፤ ትልቁ ጥፋት ከመድረሱ በፊት ትንሹ ይታያል። ሁለተኛው ምክር ነው፤ ትንሹን ያየ ይቅጣ። የባቡር ታሪክ ምልከታውን በብዙ ደም በተጻፈ ማስረጃ ያጸናዋል። ምክሩን ግን ያናጋዋል።

ተረቱን በቁጥር የጻፈው ኸርበርት ሃይንሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሃይንሪክ ትራቭለርስ በተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ330 ተመሳሳይ ክስተቶች 300ው ማንንም ሳይጎዱ እንደሚያልፉ፣ 29ኙ ቀላል ጉዳት እንደሚያደርሱ፣ አንዱ ግን ከባድ እንደሚሆን ጻፈ። ይህ በሦስት ማዕዘን እየተሣለ በፋብሪካውም፣ በማዕድን ጉድጓዱም፣ በባቡር መሥሪያ ቤቱም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከታች ያለውን ሰፊ መሠረት ካጠበብህ ጫፉ ራሱ ይጠፋል የሚል ተስፋም አብሮ ተሰቀለ።

ተስፋው መልካም ነበር፤ ችግር ግን አለበት። ሃይንሪክ የተጠቀመባቸውን መዛግብት በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አግኝተው ሊመረምሯቸው አልቻሉም። ከዚህ የከፋው ቁጥሩን የወረሱት ሰዎች «ተመሳሳይ» የሚለውን ቃል መርሳታቸው ነው። በባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ተንሸራትቶ ቁርጭምጭሚቱ የሚወለም ተሳፋሪ ብዙ ነው። ደረጃው ቢጠገን፣ እጀታ ቢደረግለት፣ የወለምታው ቁጥር በግማሽ ቢቀንስ ደስ ይላል። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት የመጋጨታቸው ዕድል ግን በዚህ በአንዲት ፀጉር አይቀንስም። እንቁላል የሚሰርቀው ልጅ በሬ ሊሰርቅ ይችላል፤ እንቁላል የሰበረው ልጅ ግን ከዚህ ተረት ውስጥ የለም። መሥሪያ ቤቱ የወለምታውን ቁጥር ቀንሶ ሲሸለም፣ ትልቁን ጥፋት የሚወልደው ሌላው ትንሽ ነገር በጸጥታ ሊያድግ ይችላል።

ስለዚህ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ መለየት ያስፈልጋል። በምን?

በአማርኛ ሊደርስ ሲል ለቀረ አደጋ «ለጥቂት» የሚባል ቃል አለ። መኪናው ለጥቂት ሳይገጨው አለፈ፤ ልጁ ለጥቂት ከገደል ተረፈ። «ተመስገን» ይከተላል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ የተረፈ ሰው ካላመሰገነ ማን ያመስግን? ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጨዋታው እዚያው ላይ ይዘጋል። ተመስገን ካሉ በኋላ መቅረት የሌለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ በምን ተረፍን?

መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዴ የተረፍነው አስቀድመን በሠራነው ነገር ነው። ነጂው ቀይ መብራት ጥቂት ሜትር ቢያልፍም፣ ከመብራቱ በኋላ ለእንዲህ ዓይነት ስሕተት ተብሎ ባዶ የተተወው የሐዲድ ርቀት ሳያልቅ ባቡሩ ይቆማል፤ ወይም ነጂው ሲዘናጋ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የተረፍነው በዚያች ደቂቃ በሌላው ሐዲድ ላይ ባቡር ስላልነበረ ብቻ ነው። ሁለቱም ክስተቶች በመዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሞተ የለም፣ የተሰበረ የለም፣ ባቡሩ ስድስት ደቂቃ ዘገየ። የመጀመሪያው ግን በእርግጥ ትንሽ ክስተት ነው። ሁለተኛው ትልቅ አደጋ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ሳይሳፈሩበት የቀሩ ትልቅ አደጋ።

በምዕራብ ለንደን ከፓዲንግተን ጣቢያ ወጣ ሲባል ኤስኤን 109 የሚባል መብራት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ነጂዎች ይህን መብራት ቀይ ሆኖ ሳለ ስምንት ጊዜ አልፈውታል። ስምንቱም ጊዜ ግጭት አልደረሰም። እያንዳንዱ ማለፍ ለየብቻው ተመረመረ፤ እያንዳንዱ ነጂ ስለ ራሱ ስሕተት ተጠየቀ። ነጂዎች አንድ መብራት ላይ ለምን ደጋግመው እንደሚሳሳቱ ግን ምርመራዎቹ መብራቱን አልጠየቁም። መብራቱ ከላይ በተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ዕቃ ይጋረድ ነበር። የአንድ የባቡር ኩባንያ የደኅንነት ኃላፊ በ1998 ሐዲዱን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ጽፈው ስለዚህ አደገኛ መብራት ምን እንደታሰበ ጠይቀው ነበር።

ኦክቶበር 5 ቀን 1999 ጠዋት፣ ዝቅ ያለችው ፀሐይ መብራቱ ላይ ባረፈችበት ሰዓት፣ ብቃቱን ካስመሰከረ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ የሆነው ነጂ ዘጠነኛው ሆነ። ከፊቱ ወደ ፓዲንግተን የሚገባ ፈጣን ባቡር መጣ። ሁለቱ ባቡሮች ሲጋጩ ፍጥነታቸው ተደምሮ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር። ሁለቱም ነጂዎች የሚገኙባቸው 31 ሰዎች ሞቱ። ሎርድ ከለን የመሩት ምርመራ እንዳሳየው፣ ያ ነጂ ሲሠለጥን ይህ መብራት ደጋግሞ የታለፈ መብራት መሆኑን አልነገሩትም።

በነጂው ክፍል ውስጥ ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳይባል ነበረ። በእንግሊዝ ባቡሮች ላይ ነጂው ወደ ቢጫ መብራት ሲቀርብ ጡሩምባ ይጮኻል፤ ወደ ቀይ ሲቀርብም ያው ጡሩምባ በዚያው ድምፅ ይጮኻል። ነጂው አንድ ቁልፍ ተጭኖ መስማቱን ካላረጋገጠ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል፤ ከተጫነው ግን በዚያ ዘመን ባቡሩ ይቀጥል ነበር። በተጨናነቀ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው በአንድ ፈረቃ ይህን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫነዋል፤ ከዕለታት አንድ ቀን እጁ ከልቡ ቀድሞ ይጫናል። ትንሽ ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ጆሮ ይለምደዋል። ስምንቱ ያለ ጉዳት የታለፉ ቀናትም ለመሥሪያ ቤቱ እንደዚያ ጡሩምባ ሆነውበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ የባቡር ሥራ ቀይ መብራት የማለፍን ክስተት የሚመዝንበትን መንገድ ለወጠ። እያንዳንዱ ማለፍ ከ0 እስከ 28 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 20ና ከዚያ በላይ ያገኘ ከባድ ሊሆን ይችል እንደነበረ ተቆጥሮ ይያዛል። ነጥቡ የሚሰጠው ግን በደረሰው ጉዳት አይደለም። ባቡሩ ሌላ ባቡር ሊገኝበት ወደሚችለው ቦታ ምን ያህል ቀረበ? ቢደርስ ኖሮ በምን ፍጥነት ይጋጭ ነበር? ስንት ሰው ተሳፍሮበት ነበር? መዝገቡ የሚጻፈው «ሆነ» በሚለው ግሥ ሳይሆን «ቢሆን ኖሮ» በሚለው ነው። ያልሆነን ነገር በቁም ነገር መመርመር ለፍልስፍና ተማሪ የተለመደ ሥራ ነው፤ ለባቡር ተቆጣጣሪም የዕለት ግዴታው ሆነ።

አደጋ የሚመዘንበት የተለመደው ሰንጠረዥ ድግግሞሽንና ጉዳትን ያባዛል። በሒሳብ መንገድ ከተሄደ አንድ መቶ ወለምታና አንድ ሩቅ የግጭት ዕድል እኩል ሊወጡ ይችላሉ። እኩል ግን አይደሉም። ደረጃ የሚወርድ ሰው እግሩን ያያል፤ እጀታውን ይይዛል፤ ቢቸኩል የቸኮለው ራሱ ነው። ፉርጎ ውስጥ የተቀመጠ ተሳፋሪ ግን ከፊት ያለውን መብራት አያይም፣ ፍሬን አይዝም፣ የነጂውን ስም አያውቅም። ጋዜጣውን ዘርግቶ ወይም ልጁን አቅፎ ሲተኛ ነፍሱን ለማያውቃቸው ሰዎች አደራ ሰጥቷል። አደራ ደግሞ በኛ ባህል ከብድር ይከብዳል፤ አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው አልጠፋም ብቻ ብሎ አይመልስም፣ እንዴት እንዳስቀመጠውም ይጠየቃል። ለጥቂት የተረፈ አደራ ያልተጠበቀ አደራ ነው።

የባቡር መሐንዲሶች ብልሽትን ራሱን በሁለት ይከፍሉታል፤ ወደ ደኅናው ጎን የሚወድቅና ወደ ክፉው ጎን የሚወድቅ። ሽቦ ሲበጠስ መብራቱ ቀይ ሆኖ ከቀረ ሁሉም ባቡር ይቆማል፤ ሺህ ሰው ከሥራው ይዘገያል፣ ጋዜጣ ይጮኻል፣ ኃላፊው ይቅርታ ይጠይቃል። ይህ ደኅናው ጎን ነው። ክፉው ጎን መብራቱ ቀይ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ሲሆን ነው፤ ያኔ ማንም አይዘገይም፣ ማንም አያማርርም። ዲሴምበር 12 ቀን 1988 በለንደን ክላፋም ጣቢያ አጠገብ የሆነው ይህ ነው። አዲስ ሽቦ ሲዘረጋ ያልተቆረጠና ጫፉ ያልተሸፈነ አሮጌ ሽቦ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሶ ነካ። መብራቱ ከፊት ባቡር ቆሞ ሳለ እለፍ አለ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ሽቦውን ያልቆረጠው ሠራተኛ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። እንግዲህ የክስተትን ትልቅነት በዘገየው ሰዓት የሚለካ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ገልብጦ ይዞታል ማለት ነው፤ ደኅናውን ብልሽት ትልቅ፣ ክፉውን ምንም ብሎ ይጽፋል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ትንሹን ነገር ያየው ሰው እንዲናገር። ለምን ላይናገር ይችላል?

አንዳንዱ በቅንነት ዝም ይላል። በስኮትላንድ የቴይ ወንዝ ድልድይ ዲሴምበር 28 ቀን 1879 በማዕበል ሲወድቅ በላዩ የነበረውን ባቡር ከነተሳፋሪዎቹ ይዞ ወንዝ ገባ። ድልድዩን ለመጠበቅ የተቀጠረው ሄንሪ ኖብል ከዚያ በፊት ባቡር ሲያልፍ የብረት ማሰሪያዎቹ ሲንኳኩ ሰምቶ ነበር። ቁርጥራጭ ብረት አምጥቶ ሽብልቅ አድርጎ አጠበቃቸው፤ መንኳኳቱም ቆመ። ለአለቆቹ ግን አላሳወቀም። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ከሥራው በላይ ሠርቷል። ያጠፋው ግን ድልድዩ የተናገረበትን ድምፅ ነው።

ሌላው በፍርሃት ዝም ይላል፤ ይህኛው ወደ ተረቱ ይመልሰናል። በጃፓን የአንድ ትልቅ የባቡር ኩባንያ ነጂዎች ጣቢያ አልፈው ቢቆሙ ወይም ቢዘገዩ «የቀን ፈረቃ ትምህርት» ወደሚባል ነገር ይላኩ ነበር። ስሙ ትምህርት ነው፤ በውስጡ ግን ደጋግሞ የጸጸት ጽሑፍ መጻፍ፣ መወቀስ፣ ሣር መንቀልና ማጽዳት ነበረበት። አንድ የ23 ዓመት ነጂ ጣቢያ በ100 ሜትር ያህል አልፎ በመቆሙ ይህን ለ13 ቀናት ቀምሶታል። ኤፕሪል 25 ቀን 2005 ጠዋት ይኸው ነጂ ኢታሚ ጣቢያን 72 ሜትር ያህል አልፎ ቆመ። ባቡሩን ወደኋላ መለሰ፤ ከደቂቃ በላይ ዘገየ። አብሮት ያለውን ተቆጣጣሪ ርቀቱን አሳንሶ እንዲናገርለት ለመነው፤ ተቆጣጣሪውም በሬዲዮ 8 ሜትር ብሎ ተናገረ። የምርመራው ኮሚሽን እንደደመደመው፣ ነጂው ልቡ በዚያ የሬዲዮ ንግግር ላይ ሳይሆን አልቀረም፤ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚገባበትን ኩርባ በ116 ገባበት። ፊት የነበሩት ፉርጎዎች አማጋሳኪ ውስጥ ከሐዲዱ አጠገብ ከቆመ የመኖሪያ ሕንፃ ጋር ተላተሙ። ነጂውን ጨምሮ 107 ሰዎች ሞቱ፤ 562 ቆሰሉ።

ይህ ልጅ በእንቁላሉ ጊዜ ተቀጥቷል። እናቱ ዝም አላለችም፤ ክፉኛ ገርፋዋለች። ልጁ ከአርጩሜው የተማረው እንቁላሉን መደበቅ ነበር። ጣቢያን 72 ሜትር አልፎ መቆም በራሱ ማንንም የማይገድል ነገር ነው፤ የገደለው በዚያ ትንሽ ነገር ላይ የተጫነው ፍርሃት ነው። ትንሹን ክስተት ችላ ማለት ሰው እንደሚገድል ኤስኤን 109 መስክሯል፤ ትንሹን ክስተት ከመጠኑ በላይ በቅጣት ማሳደድም እንደሚገድል አማጋሳኪ ይመሰክራል። ተረቱ ትክክል የሚሆነው ልጁ «በቀጣሽኝ» የሚለውን ትቶ «በእንቁላሉ ጊዜ በጠየቅሽኝ» ቢል ነበር።

ይህ ለጥፋተኛ ሁሉ ምሕረት ይሁን ማለት አይደለም። ጠጥቶ የሚነዳ፣ እያወቀ ፍሬን የሚፈታ ሰው ተጠያቂ ነው። የተዘናጋው፣ የደከመው፣ በክፉ ቦታ የተተከለ መብራት ያሳሳተው ግን ከዳኛ ይልቅ ሰሚ ይፈልጋል። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 በስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ እገዛ የባቡር ሠራተኞች ስማቸው ሳይገለጥ ያዩትን የሚያሳውቁበት አሠራር ተጀመረ፤ ከፓዲንግተኑ አደጋ በኋላ መላውን አገር አዳረሰ። በ2005 ደግሞ ጥፋተኛ መፈለግ ሥራው ያልሆነ፣ ምክንያትን ብቻ የሚመረምር የባቡር አደጋ መርማሪ ተቋም ሥራ ጀመረ። ይህም የሎርድ ከለን ምክር ነበር።

መስማትም ያለ ሥራ ባዶ ነው። ኦክቶበር 17 ቀን 2000 ሃትፊልድ አጠገብ አንድ ሐዲድ በፈጣን ባቡር ሥር ተሰባብሮ አራት ሰዎች ሲሞቱ፣ ሐዲዱ ላይ የነበረው ስንጥቅ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ምትክ ሐዲድም ተዘጋጅቶ ነበር። የቀረው መግጠሙ ነበር።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ኩርባ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲድ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዛሬ ያ አሮጌ መስመር ቦታውን ለአዲሱ የአዲስ አበባና ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ለቅቋል። አዲሱ መስመር በአፋርና በሶማሌ የግጦሽ ምድር ያልፋል፤ ግመልና ከብት መግጨትም ከሚታወቁ ችግሮቹ አንዱ ነው።

እንግዲህ የተባለውን ሁሉ በአንድ ግመል ላይ መሞከር ይቻላል። ባቡሩ ግመል ገጨ፤ ቆመ፤ ዘገየ፤ ሰው አልተጎዳም። በምን ተረፍን? እዚህ ባቡሩን ከፊት የሚጎትተው ከባድ ሎኮሞቲቭ ነው፤ በፖልሞንት እንደነበረው ቀላል ፉርጎ አይደለም። ስለዚህ ከመልሱ ከፊሉ «በሠራነው ነገር» ነው። ከፊሉ ግን በዕለቱ ፍጥነት፣ በእንስሳው አወዳደቅ፣ ቦታው ኩርባ ወይም ድልድይ ባለመሆኑ የተገኘ ነው፤ በዚህኛው ላይ ማንም ፈርሞ አደራ ሊቀበል አይችልም። ከዚያ ጥያቄው ይቀጥላል። እንስሳው በየት ገባ? በዚያው ቦታ ስንተኛው ነው? መንጋው ውኃ የሚጠጣው ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ከሆነ፣ ማለፊያ ሳይሠራለት አጥር ብቻ ቢጠገን ነገ አይፈርስም? እረኛውስ ከብቱን ሲያጣ ያየውን ለማን ይናገራል? እረኛው በዚህ ሥራ ውስጥ ምስክር ነው፤ ሐዲዱን ከማንም ይልቅ በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው።

ስለዚህ ልመናው የነጂዎችን የዕለት ማስታወሻ ለሚቀበሉት ጠረጴዛዎች ነው። «ግመል፣ የሰባት ደቂቃ መዘግየት፣ ጉዳት የለም» የሚል ወረቀት ሲደርሳችሁ ለነጂው የቅጣት ደብዳቤ አትጻፉ፤ ወረቀቱንም አታስቀምጡት። ካርታ ዘርጉና ቦታውን በቀይ ምልክት አድርጉበት፤ ስምንተኛው ምልክት አንድ ቦታ ላይ እስኪያርፍ አትጠብቁ። በፖልሞንት ከሞቱት 13 ሰዎች በኋላ እንደዚያ ባሉ ባቡሮች ፊት እንቅፋት መግፊያ ብረት ተገጠመ። ብረቱን ሠርቶ ለመግጠም ያስፈለገው ዕውቀት ከዚያ ምሽት በፊትም ነበረ።